መለኪያው ዓሣ

እሑድ ነው። ጉንቮር ወንበሩን ጎትታ
ከመስኮቱ አጠገብ፣ ከዘወትሩ ቦታ፣
ነጭ አንሶላ ሰቅላ በአራት መቆንጠጫ
ኤስኪልን አኖረች በዚያው መቀመጫ።
ገንፎው ካገጩ ላይ ገና ሳይጠረግለት
የሱፉን ዓሣ አምጥታ ከጎን አስደገፈችለት።

ይህ ዓሣ መለኪያ ነው።
ከአሪልድ አሮጌ ሹራብ፣ ክርኑ ካለቀው፣
አንዱን እጅጌ ቆርጣ፣ በቁርጥራጭ ሞልታ የሰፋችው።
አንድ ዓይኑ ጥቁር ቁልፍ፣ አንድ ዓይኑ ቡናማ
(ሱቁ ሩቅ ነው፤ ቤት የተገኘው ቁልፍ ተስማማ)፣
ጅራቱ ወደ ግራ ትንሽ ያዘነበለ፣
አፉ በቀይ ክር ተሰፍቶ፣ አንድ ነገር ሊል ያለ።
«ልጅ ያድጋል» ብላ ነበር፣ «ዓሣ ግን አይጨምርም፤
እሱን እያየሁ ስለካ፣ መቼም አልሳሳትም።»

በመጀመሪያው ሳምንት ዓሣው ነው ትልቁ፤
ኤስኪል የተጠቀለለ ፎጣ፣ ዓይኖቹ ያልነቁ።
በአሥረኛው ጭንቅላቱ ከክንፉ እኩል ደረሰ፤
በሃያ ሦስተኛው ጅራቱን ነክሶ በምራቅ አራሰ፤
በሠላሳኛው ልጅ የለም፤ ወንበር አለ፣ ዓሣ አለ፣
ከጥግ አንድ ተረከዝ ብቻ፣ ድሆ የኮበለለ።

ከዚያ ጨለማው መጣ። በዚያ በሰሜን ዳር
ፀሐይ ከኅዳር እስከ ጥር ከተራራው ወዲያ ታድር።
ጉንቮር መብራት ሠራች፤ የወተት ካርቶን ቀድዳ፣
በመጋገሪያ ወረቀት ሸፍና፣ የጀልባ ፋኖስ አጥምዳ።
የዚያ ሰሞን ፎቶዎች ሁሉ
ልጁም ዓሣውም ቅቤ የነካቸው ይመስላሉ።

ድንች ልትበደር የመጣች ብዮርግ፣ ጎረቤቷ፣
ከእንቁላል መያዣ የተሠራ አባጨጓሬ አይታ ከምንጣፏ፣
«ምነው ብትገዢለት? በአንድ ቀን ይሰብረዋል» አለች።
«የገዛሁትን ሲሰብር አለቅሳለሁ» አለቻት፣ «የሠራሁትን ሲሰብር
ከየት እንደምጀምር አውቃለሁ።»
ብዮርግ ድንቹን ተቀብላ ዝም ብላ ሄደች።

በስልሳ አንደኛው ሳምንት ትኩሳት ያዘው። አምስት ሌሊት።
በአምስተኛው ዓሣው ላይ አስመለሰበት።
እናት እንቅልፍ ባጣ እጇ ከአንሶላ ጋር ጠቅልላ
ማጠቢያው ውስጥ ወረወረችው፤ ውሃው ይፈላል። ሱፍ መሆኑን ዘንግታ፣ ሌላ ሌላ ስታስብ፣ ሌላ።
ሲወጣ መዳፍ አክሏል፤
ጠንክሯል፣ ተኮማትሯል፣
ሁለቱ ቁልፎች ብቻ እንደነበሩ ቀርተው
እንደ ጉጉት ያፈጣሉ ፊቱን ሁሉ ሞልተው።

እሑድ ግን አይቀርም። ትኩሳቱ የለቀቀውን ልጅ አነሣችው፤
ባሕር ላይ ላለው አባቱ ምንም ሳትጽፍ ላከችው።
ጀልባው ኔትወርክ ያገኘ ለት መልሱ መጣ በማታ፦
«ምን አበላሽው? በሳምንት እጥፍ ሆነ፣ የኔ ጌታ!»
ሳቀች። ብቻዋን፣ ወጥ ቤት፣ ጎኗን እስኪያማት ሳቀች።
ከዚያ ፎቶዎቹን ሁሉ ወለሉ ላይ ደረደረች።

ነጭ ያለችው አንሶላ ከወር ወር ገርጥቷል።
የመስኮቱ እንጨት እርጥበት ጠጥቶ አብጧል።
ልጁን ልትደግፍ ከጥግ የገባችው እጇ
በሃያኛው ሳምንት ቀለበት አላት፤
በሃምሳኛው የላትም። (ሊጥ ስታቦካ አውልቃ የት እንዳኖረችው ጠፍቷት።)
አንድም ነገር እንዳለ አልቆየም።
እሷ ግን የምታየው ልጁን ብቻ ነበር፤ ሌላውን አላየችም።

ሁለተኛው እጅጌ መሳቢያ ውስጥ አለ።
መቀሱን አነሣች። ጨርቁን ዘረጋች። ዓይኗ ከክርኑ ቀዳዳ ላይ ዋለ፤
መልሳ አጠፈችው።

ዛሬ እሑድ ነው። ኤስኪል ወንበሩን ራሱ እየገፋ መጣ፤
ሦስት ጊዜ ከሥዕሉ ሸሸ፣ ሦስት ጊዜ ተቆጣ።
«ዓሣውስ?» አለችው።
ዝም።
«ዓሣው የት ሄደ?»
ሱሪው ላይ፣ በግራ በኩል፣ በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

አነሣችው።
በዚህኛው ፎቶ ላይ የሚለካበት ነገር የለም።
ልጅ አለ፤ ቁመቱ አይታወቅም።
ኪስ አለ፣ ያበጠ፣ ከአፉም ብቅ ያለ
ወደ ግራ ያዘነበለ ጅራት።